ለኮሶዬ ውርጭ ክለብ ቦርድ ሰብሳቢ፣ ስለ ጩኸታሙ በረኛችን

ለክቡር አቶ አብዮት ምናለ
የኮሶዬ ውርጭ እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ከጣና ዳር የላኳቸውን ፎቶዎች በክለቡ የፌስቡክ ገጽ ላይ እየተቀባበልን ስላየናቸው፣ ጤናዎ የተሟላ መሆኑን፣ የምግብ ፍላጎትዎም እንዳልቀነሰ፣ በጀልባዋ ላይ ያጠለቁት ብርቱካናማ የሕይወት አድን ጃኬትም ልክዎ ሆኖ እንደተገኘ ተረድተን እጅግ ደስ ብሎናል። እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

እኔ ሰርካለም ማለደ እባላለሁ። የተወለድኩት ኮሶዬ ሲሆን፣ አሁን ጎንደር ማራኪ ቤት ተከራይቼ በሆስፒታል የመድኃኒት ክፍል እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሚኒባስ ወደ ደጋው ወጥቼ ክለባችንን እደግፋለሁ። የበረኛችን የአንዳርጋቸው ማለደ ታላቅ እህትም ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ ኋላ በስብሰባ ላይ «ለወንድሟ ነው የምትጮኸው» ብለው እንዳይደክሙ ነው። አዎ፣ ለወንድሜ ነው። ጩኸት በቤታችን የዘር ነው።

የምለምንዎ ነገር አንድ ብቻ ነው። የተጫዋቾች ምዝገባ ዓርብ ከመዘጋቱ በፊት የአንዳርጋቸውን ስም እንዲመልሱልን ነው። እስከዚያው ግን፣ ክለባችን ወደ ከፍተኛ ሊግ ካደገ ጀምሮ ላደረጉልን ሁሉ ምስጋና ሳላቀርብ ባልፍ ውለታ ቢስ መባሌ ስለማይቀር፣ ውለታዎን በየተራ ላንሳ።

አንደኛ፤ ስለ ዝግጅቱ። ትልልቅ ክለቦች ውድድር ሲቃረብ ሻንጣቸውን ይዘው ከቤታቸው ርቀው እንደሚዘጋጁ በቴሌቪዥን ተመልክተው፣ እኛም ከማን አንሰን ብለው ልጆቻችንን አውቶቡስ አሳፍረው ወደ ባሕር ዳር ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። እነዚያ ትልልቅ ክለቦች ከቤታቸው ርቀው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ሳንባቸው እንዲጠነክር እንደ ኮሶዬ ያለ ከፍ ያለና ቀዝቃዛ አገር ፍለጋ መሆኑን ያልነገርንዎ እኛ ነን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ስለዚህ እነሱ ወደ ላይ ሲወጡ እኛ ወደ ታች ወረድን። ያለማቋረጥ ስንሮጥበት የኖርነውን አየር ትተን፣ ሲጠራቀም ሲጠራቀም የመጣውን ትንፋሻችንን በሞቀ አገር ከተጠበሰ አሣ ጋር አራገፍነው። ተከላካያችን ሐምዛ ለእናቱ ደውሎ «እማ፣ እዚህ እንቅልፍ ነው የሚያሸንፈኝ» ማለቱን ሰምተናል፤ ዕረፍት የዝግጅት አካል ስለሆነ ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፤ ስለ አዲሱ የሥነ ምግባር ደንብ። ይህን ያረቀቁት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ሰምተናል፤ እጅዎ ይባረክ። በደንቡ ተጫዋች በሜዳ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር ክልክል ነው፤ ጩኸት የሰፈር ኳስ ነው፤ ከፍተኛ ሊግ የገባ ክለብ ደግሞ በጨዋነት ይጫወታል። አንዳርጋቸውም በዚህ ደንብ የመጀመሪያው ተሰናባች የመሆን ክብር አግኝቷል። «በረኛ ነው ወይስ ጡሩምባ?» ብለው የተናገሩትን ቀልድ ስንቀባበለው ከርመናል፤ ለካ ስንብት ኖሯል።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በጨዋታ ቀን ብዙውን ጊዜ ሥራ ስለሚበዛብዎት፣ የሜዳችንን ጠባይ በአጭሩ ላስታውስዎ። ሜዳችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከቆላው እየተነሣ ይመጣና ዳኛው ጨዋታውን እንዳያቋርጡት የሚበቃ ያህል ብቻ እያሳየ፣ አንዴ ይሸፍነናል፣ አንዴ ይገልጠናል። በዚያ ሰዓት የእኛ ልጆች የሚጫወቱት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው። አንዳርጋቸው ጎሉ መሐል ቆሞ ሳያቋርጥ ስማቸውን ይጠራል፤ «ሐምዛ፣ ግራህን! አንተ፣ ወደ እኔ!» ይላል። እነሱም ድምፁ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ጎላቸው የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ጎሉን ካወቁ ሁሉን አወቁ ማለት ነው። ማንም አሠልጣኝ ያስተማራቸው አይደለም፤ ከልጅነታቸው ጀምረው ጉም ውስጥ ኳስ ሲያባርሩ ኖረው የተለማመዱት ነው።

ባለፈው ሰኔ ያደግንበትን ጨዋታ ያስታውሱ ይሆን? አንድ ለባዶ እየመራን ጉሙ ወረደ። እኛ ደጋፊዎቹ ሜዳውን ማየት ስላልቻልን ዝም ብለን እሱን እንሰማ ነበር። «ሐምዛ!» ሲል ልባችን ይወርዳል፤ ደግሞ «ጎሽ!» ሲል ይመለስልናል። ፊሽካው ሲነፋ ማሸነፋችንን ያወቅነው ጎል ሲገባ ባለመስማታችን ነው። እናታችን ወይዘሮ እታገኘሁ ያን ዕለት አልቅሳለች፤ እኔም አልቅሻለሁ። አንዳርጋቸው ደግሞ ድምፁ ስለተዘጋ ለቀናት በምልክት ነበር የሚያናግረን። ደንብዎ ያኔ ጸድቆ ቢሆን ይህ ሁሉ ብልግና ባልተፈጸመ፣ እኛም በጨዋነት እዚያው አንደኛ ሊግ ቀርተን ነበር።

በእሱ ቦታ ያመጡልን በረኛ ረጅም፣ መልከ መልካምና እጅግ ጨዋ ልጅ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ወደ ሐይቁ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ቀን ሜዳችን ላይ ልምምድ ሲያደርግ ጉሙ ወረደበት፤ እርሱም እንደ ደንቡ ዝም አለ። ጉሙ ሲገለጥ ተከላካዮቻችን በሙሉ የማዕዘን ባንዲራውን ከበው ቆመው አየናቸው። አልፈርድባቸውም፤ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ውለታዎ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለ እንግዳ ተቀባይነትዎ ነው። ልጆቻችን ሐይቅ ዳር ሳሉ ሜዳችን ባዶ እንዳይሆን አስበው፣ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ለመጣው ለቆላ ነብር ክለብ በወንድማማችነት ፈቅደውለታል። ቆላ ነብር በምድባችን ያለ ክለብ መሆኑ፣ የመጀመሪያው ጨዋታችንም ከእርሱ ጋር፣ በዚሁ በገዛ ሜዳችን መሆኑ ለእርስዎ የወንድማማችነት ስሜት እንቅፋት አልሆነበትም። ታላቅነት ማለት ይህ ነው።

እኛም የአገሩ ሰዎች አላሳፈርንዎትም። እንግዳ መጣ ተብሎ ማን ዝም ይላል? የደጋፊዎቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑት አያ ይበልጣል ነብሮቹን ሜዳው ላይ እያዞሩ፣ ኳሱ የት ጋ እንደሚነጥር፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚዞር፣ ረጅም ኳስ ወደ ገደሉ በኩል ከተመታ አየር ላይ ቆሞ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ሰዎቹ እያደነቁ ሰሙ፤ አንዱም በስልኩ ቀረጸ። እኔ በእሑዱ ወጥቼ ይህን ሳይ ነድጄ «አያ፣ ምነው? ምስጢራችንን ሁሉ ዘረገፉት እኮ!» ብላቸው፣ ከልባቸው ተቆጥተው «ምነው ልጄ! እንግዳ በእኛ ሜዳ ወድቆ ጥርሱ ይርገፍ ወይ?» አሉኝ። የእርስዎ ፈቃድና የእኛ ደግነት ሲገናኙ እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል።

በዚህም አላበቃም። የነብሮቹ በረኛ ብርዱና ከፍታው ስላልተስማማው ራሱን እያመመው ተኛ። አሠልጣኛቸው፣ ሸጋ ሰው ናቸው፣ ቤታችን ድረስ መጥተው ለልምምድ ብቻ አንዳርጋቸውን እንድናውሳቸው እናታችንን በትሕትና ለመኑ። እርሷም የእንግዳ ነገር ሆነባትና እሺ አለች። ወንድሜ ከተሰናበተ ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ እህል አይበላም፣ ለሚያናግረው ሰው አይመልስም፣ ያ ጩኸታም ልጅ እንደ ደንብዎ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር። ያን ቀን ግን ከቤታችን ደጃፍ ሆኜ ከጉሙ ውስጥ ድምፁን ሰማሁት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ማንን እየጠራ እንደሆነ ሳዳምጥ፣ አንዱንም ስም አላውቀውም። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ስለ ክቡርነትዎ የጻፍኩት ሁሉ በቀልድ ነው፤ ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ያለ ቀልድ ይቀበሉኝ።

ስለዚህ ዓርብ ሳይደርስ ስሙን ይመልሱልን። ደንብዎን ማፍረስ ከከበደዎት «ጉም በወረደ ጊዜ ብቻ መጮህ ይፈቀዳል» የምትል አንቀጽ ማስገባት ይበቃል፤ አረቃቀቁ ከተቸገሩ እኔ በነጻ አግዛለሁ። ጥቂት ቃል ነው፣ አንድ ፊርማ ነው፤ ሐይቅ ዳር ተቀምጠውም ቢሆን የሚፈርሙት ነገር ነው። እርሱ እንደሆነ ቂም አያውቅም፤ ዛሬ ቢጠሩት ዛሬ ጓንቱን ያጠልቃል።

እስከዚያው ድረስ ጀልባዎ ሳይገለበጥ፣ ጃኬትዎም ሳይጠብብዎ፣ በሰላም ወደ ብርዱ እንዲመለሱ እየተመኘሁ፣ ሜዳችን ላይ ለእርስዎ የተለየችው የክብር ወንበር ከዓመት እስከ ዓመት ባዶ በመቆየቷ እንደ አዲስ እንደምታበራ በማክበር እየገለጽኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ
ሰርካለም ማለደ
ማክሰኞ፣ ከማራኪ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ አደባባይ ሳላወጣው ሐሙስ ጠዋት አንዳርጋቸው ደወለልኝ። ትናንት ለቆላ ነብር ፈርሟል። ዓርብን መጠበቅ እንደማያስፈልግዎ ላብሥርዎ ብዬ ነው፤ ከእንግዲህ ደንብዎን የሚጥስ ሰው በክለባችን የለም። እናታችን የቱ ጎል ጀርባ እንደምትቀመጥ ስትጨነቅ አድራ፣ ልጇ ካለበት ጀርባ ለመቀመጥ ወስናለች፤ እኔም ከጎኗ ነኝ። የእኛን ልጆች በተመለከተ ግን አንድ ሥጋት አለኝና ለአሠልጣኙ ቢነግሩልኝ። የመክፈቻው ጨዋታ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ መውረዱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ አዲሱ በረኛችን በጨዋነት ዝም ይላል። አንዳርጋቸው ደግሞ ከነብሮቹ ጎል ላይ ሆኖ «ሐምዛ፣ ወደ እኔ!» ይላል። ሐምዛ ይሄዳል፤ እስከ ዛሬ እምቢ ብሎት አያውቅም።