የስምንት ደቂቃ ዋንጫ

መጋቢት 23

የምሠራበት ፓርኪንግ የማታ ተረኛ ነኝ፤ ጠዋቱ የራሴ ነበር። እንደ ወትሮው ፌርፋክስ፣ የሐበሻው ሠፈር፣ እትዬ አምሳለ ምግብ ቤት። የጀርመን ኳስ እዚህ አሜሪካ የሚታየው በጠዋት ስለሆነ፣ ጨዋታ ያለ ቀን ማልደው ይከፍታሉ። ጋሼ መንግሥቱ የዶርትሙንድ ቢጫ ሻርፓቸውን አድርገው ከፊት ወንበር፣ እኔ ከጎናቸው።

ዶርትሙንድ በባየርን 4 ለ 2 ተሸነፈ። ጭንቅላቴን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልተሰማኝም... የማስበው ስለ ጫማዬ ሶል መላቀቅ ነበር።

ጋሼ የምወዳት የፀዲ አባት ባይሆኑ ለኳስ ብዬ ከአልጋ እወርድ ነበር? ጥር ላይ ሽማግሌ ብልክባቸው "ልጁን አላውቀውም፤ ልወቀውና እንነጋገራለን" ብለው መለሷቸው። ፀዲ ደግሞ ያለ አባቷ ፈቃድ አታገባም። እናቷ ካረፉ ወዲህ ያላት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲያውቁኝ ብዬ የዶርትሙንድ ደጋፊ ሆንኩ። እያስመሰሉ መታወቅ ይቻላል?

ሚያዝያ 20

ከቦኹም ጋር 1 ለ 1። ነጥብ ጣልን። የጋሼ ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ድንገት ስለ ዶርትሙንድ አወሩኝ። አሜሪካ ሳይመጡ አራት ዓመት እዚያ ስደተኛ ነበሩ። ከተማው ውስጥ ሰላም የሚላቸው አልነበረም አሉ። አንድ ቀን ስታዲየም ገቡ፤ ጎል ሲቆጠር አጠገባቸው የቆመ አንድ የማያውቁት ሽማግሌ አቀፋቸው። ሻርፑ የሱ ነው። አንገታቸው ላይ ጠመጠመላቸውና ሄደ።

እኔ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ።

ግንቦት 13

ትናንት ባየርን በላይፕዚግ ተሸነፈ። ዛሬ ዶርትሙንድ አውግስቡርግን 3 ለ 0! በሁለት ነጥብ እየመራን አንድ ጨዋታ ቀረ፤ ቅዳሜ፣ በሜዳችን፣ ከማይንዝ ጋር። ካሸነፍን ከአስራ አንድ ዓመት በኋላ ዋንጫ። ጋሼ ዛሬ "ልጄ" አሉኝ። የመጀመሪያው ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው። ቅዳሜ ዋንጫውን በበላን ማግስት ሳይሆን በዚያው ቀን ሽማግሌ ልላክ። በዚያ ደስታ ላይ ማን እምቢ ይላል?

በጥር ከላክኋቸው ሦስት ሽማግሌዎች አንዱን፣ ጋሼ ብርሃኑን ለመንኳቸው። "በግንቦት?" አሉ። በግንቦት ሠርግ አይደገስም እንጂ ሽማግሌ አይላክም አልተባለም አልኳቸው። ሳቁ። ቀኑ የገብርኤል ስለሆነ ሦስቱም ከቅዳሴ በቀጥታ ባልድዊን ሂልስ፣ ጋሼ መንግሥቱ ቤት ይሄዳሉ። ለገብርኤል ብዬ የመረጥኩት መስሏቸው መረቁኝ። አሜን አልኩ።

ለፀዲም አልነገርኳት።

ግንቦት 18

ማይንዝ ምን አባቱ ያመጣል?

ግንቦት 19

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ተጀመረ፤ በሃያ አራት ደቂቃ 2 ለ 0 ተመራን። ፔናሊቲም ሳትን። ከእረፍት በኋላ አንድ አገባን... በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ፣ በዚያው ሰዓት በሚደረገው ጨዋታ፣ ኮሎኝ ባየርን ላይ አቻ አደረገ። በነጥብ ሒሳብ፣ እየተሸነፍንም ዋንጫው የእኛ ሆነ! ጋሼ እጄን ጨብጠው ያዙ። ስምንት ደቂቃ ያህል አልለቀቁኝም። ከዚያ ባየርን አገባ። እኛ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 2 አደረግን፤ ነጥባችን እኩል ሆነ፣ በጎል ልዩነት በለጡን።

ሰው ሁሉ ወጣ። ጋሼ ሻርፑን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እንባዬ መጣ። ለማን ብዬ? ጋሼም ወደ እኔ አያዩም ነበር።

ያኔ ነው ሽማግሌዎቹ ትዝ ያሉኝ። ወጥቼ ደወልኩ። የጋሼ ብርሃኑ ስልክ ዝግ፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው። በዚህ ሐዘን መሀል ሦስት ሰው ሊገባባቸው ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩና ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ዛሬ ቤትዎ ሽማግሌ ልኬያለሁ። አሸንፈን፣ ደስ ብሎዎት እንዲያገኙዎት ብዬ ነው። ደግሞ... የዶርትሙንድ ደጋፊ አልነበርኩም።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ጎል ሲገባ የምታየው እኔን እንጂ ኳሱን አልነበረም።" ፊቴን አዩት። "ዛሬ ግን አላየኸኝም።"

ሽማግሌዎቹን ከመንገድ ልመልሳቸው ስል "ተው፣ ይምጡ። ይልቅ ቤት ድረስ ድራይቭ አድርገኝ" አሉ። በራቸው ላይ አድርሻቸው፣ ሽማግሌ ሳይደርስ ሸሸሁ።

ግንቦት 20

ፀዲ ደወለች። መጀመሪያ ተቆጣች፤ "የኔን ነገር በኳስ ሼጁል አደረግኸው?" አለች። ልክ ነች። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። ሽማግሌዎቹ ገና ቁጭ እንኳ ሳይሉ አባቷ እንዲህ አሏቸው፦ "ጥር ላይ ልጁን አላውቀውም ብያችሁ ነበር። ዛሬ ጠዋት አወቅሁት።"

አለቀስኩ። እሷም። አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቀዋል፤ ሠርጉ ጨዋታ ያለበት ቅዳሜ እንዳይሆን።

ግንቦት 26

ቅዳሜ። ሊጉ አልቋል፣ ማታ ሥራ ነበረኝ፣ ከማንም ጋር ቀጠሮ አልነበረኝም። እንደ ጨዋታ ቀን ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ነቃሁ።

ጋሼ ጋ ደወልኩ። አንዴ እንደጠራ አነሱት።