ጭቃ የሚቀፋቸው አክስታችን

አክስታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከዳገት ሥር ባለች አንዲት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዝናብ በመጣ ቁጥር የላይኛው ሰፈር ጭቃ፣ ከነጥራጊውና ከነሞተ አይጡ፣ በበሩ ሥር ገብቶ አልጋቸው ሥር ይተኛ ነበር። ሌላው ሰው ይለምደዋል፤ እሳቸውን ግን ዕድሜ ልካቸውን አቅለሸለሻቸው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ችግኝ ጣቢያ ተቀጠሩ። ዳገትን በእርከን መከፋፈል፣ ድንጋዩን ወደ ዳገቱ ጋደል አድርጎ መካብ፣ ጠርዙ ላይ ሥረ ጥልቅ ሣር መትከል እዚያ ተማሩ። በ1970 ዓ.ም. የጣቢያውን ሾፌር አግብተው፣ ማንም ያልፈለገውን ተዳፋት ግቢ ይዘው፣ ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። ከዚያ ወዲያ መተዳደሪያቸው የሰው ተዳፋት ግቢ ማበጀት ሆነ። ዳገቱን መላጣ የሚያደርግ ባለቤት ሲያጋጥማቸው ፊታቸው ይኮሳተራል፤ ደንበኛ ነው ብለው አይሸፍኑለትም።

እንደ ላይኛው ጎረቤታቸው ያንገሸገሻቸው ግን የለም። ሰውየው ግቢውን ሙሉ ሊሾ አድርጎ፣ የጣሪያውን ውሃና የመታጠቢያ ቤቱን እጣቢ በአንድ ቱቦ እርከናቸው ላይ ለቀቀው። ሄደው ቢያናግሩት፣ «ውሃ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አላቸው።

«ውሃውስ መሄጃውን ያውቃል። እድፍህን የላክህብኝ ግን አንተ ነህ» ብለውት ተመለሱ።

በዚያው ክረምት እርከናቸው ተናደ፤ የሚከረፋ ጭቃም ወጥ ቤታቸውን ሞላው። ባለቤታቸው በሞት ተለይተዋቸው ስለነበር ከልጆቻቸው ጋር አፍንጫቸውን በጨርቅ አስረው ዛቁት። በዓመቱ የሰውየው አጥር ራሱ ተሰንጥቆ ወደ ታች ሲያዘነብል ሊለምናቸው መጣ። ልጆቻቸው «ተይው እማዬ፣ ይናድበት» አሏቸው።

«የሚናደው እኛ ላይ ነው» ብለው ወጡ። ሊሾውን በገዛ እጁ አስፈለጡት፤ ለእጣቢው ጉድጓድ አስቆፈሩት፤ ዳገቱን እርከን በእርከን አደረጉለት። ሲጨርሱ ሊጨብጣቸው እጁን ቢዘረጋ፣ ዶማቸውን አንስተው አለፉት።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. አረፉ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኛን የእህታቸውን ልጆች ትተዋል። ሰውየው ዛሬ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሟል። መቆሙን አንከለክለውም፤ እሳቸው ያልሰጡትን ይቅርታ ግን በስማቸው አንሰጠውም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከንጹሕ ስፍራ ያሳርፍልን።