ግምገማ ነው ወይስ ውይይት?

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአቶ አሰፋ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? አዲሱ መነጽርስ ተስማማዎት ወይስ እንደ ድሮው ኪስዎ ውስጥ ነው የሚውለው? የእማዬ ሳል ለቀቃት? እኔና እህትዎ እትዬ ዘመነች ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ እማዬ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ጎረቤቱን ሁሉ ስለምታሰማ ነው። ባምላኩ ነገ ጠዋት ወደ ብቸና ስለሚመጣ በእጁ ልኬዋለሁ። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ የመማር ማስተማሩን ሥራ በየትምህርት ክፍሉ እየፈተሸ ነው። ከአዲስ ምሩቃን አንድ ሰው ኮሚቴው ውስጥ ይግባ ተብሎ እኔን መረጡኝ። ሲደውሉልኝ ወደ ዓለም ባንክ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ከደስታዬ የተነሳ ፌርማታዬን አልፌ ሄድኩ። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ከርሜ በስተመጨረሻ ሰው ፈለገኝ ብዬ! እትዬ ዘመነች ግን "ከዚያ ሁሉ ምሩቅ አንቺን ማን ጠቆማቸው?" አሉኝ። ይኸው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

አዳራሹ በር ላይ የተሰቀለው ጨርቅ "አጠቃላይ የመማር ማስተማር ግምገማ" ይላል። ግምገማ! ቃሏን እርስዎ ያውቋታል። ተማሪዎቹን ሰብስበን ትምህርቱ እንዴት ነው ብንላቸው፣ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው ብቻ ሆነ መልሳቸው። ደሜ የሚባል ልጅ እጁን አወጣና "እህታችን፣ ግምገማ ነው ወይስ ውይይት? ውይይት ከሆነ ለስላሳ ይመጣል፤ ግምገማ ከሆነ ስማችን ይጻፋል" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ እስክሪብቶዬን ግን አስቀመጥኩ። አፋቸውን የፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። መምህር ፀሐዬ ያንኑ ያረጀ ሀንድአውት አንብበው ይወጣሉ፤ ጥያቄ ሲነሳ "እፊታችሁ አለላችሁ" ይላሉ አሉኝ። አባዬ፣ እውነት ነው። እኔም ሲነበብልኝ ነው የተመረቅኩት።

ይህን ለሰብሳቢያችን ለዶክተር ኢዮሲያስ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። "ቢሮ ነይና በደንብ አጫውቺኝ፣ ከእኔና ካንቺ አይወጣም" አሉኝ። ሳልጠይቃቸው ደግሞ የረዳት መምህር ቦታ ሊከፈት እንደሆነ ጣል አደረጉልኝ። መምህር ፀሐዬ እኮ ላብራቶሪው ለምን ተቆልፎ ይከርማል ብለው እነዶክተር ኢዮሲያስን በስብሰባ ያፋጠጡ ሰው ናቸው! ታዲያ እውነቱን ብናገር ለማን ነው የምናገርለት? ዝም ብል ደግሞ እነደሜ እንደኔው ሊነበብላቸው ነው።

ሲጨንቀኝ ጊዜ ቀጥ ብዬ መምህር ፀሐዬ ጋ ሄድኩና ሁሉንም አፈረጥኩት። የመጀመሪያ ቃላቸው "ማን ላከሽ?" ነበር። ማንም ብላቸው አላመኑኝም። በኋላ ግን "ሐሙስ በማጠቃለያው ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተናገሪው። እኔም ፊት ለፊትሽ እቀመጣለሁ" አሉኝ። ድፍረት ይሁን ማስፈራሪያ እስካሁን አልለየሁትም።

ቢሮ ግን አልገባም፤ ወስኛለሁ። ሐሙስ እሳቸው ባሉበት፣ የሀንድአውቱንም የላብራቶሪውንም አንድ ላይ እናገራለሁ። ቦታው ከቀረብኝም ይቅር፤ አልፈልገውም ብልዎ ግን ውሸት ነው፣ በጣም እፈልገዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ እርስዎን ገምግመው ወደ ቆላው ትምህርት ቤት ሲያዛውሩዎ፣ ስምዎን ያነሳው ማን እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። ስሙን አልፈልግም። ሲናገር እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ነበር? ይደውሉና "ነበርኩ" ወይም "አልነበርኩም" ብቻ ይበሉኝ። እማዬ ድምፅ ማጉያው ላይ ብታደርገውም ለማንም አይገባም።

የእማዬን ጉልበት ይሳሙልኝ። ታናሼን ቀዳማዊን ለፈተናው መሸምደዱን ሳይሆን ገብቶት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። እሙዬን ሁለቱንም ጉንጯን። እትዬ ዘመነች ወንድሜን እግዜር በያለበት ይጠብቅልኝ ብለዋል።

ልጅዎ ሳያት
ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.