በእኔ ስም የታሸገ ፖም

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ፣ አሁንም ያምሻል? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቴን ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት፤ ዶሮዎቿን ስትሳደብ ትውላለች። ስድስት ዓመት የት እንዳለሽ ሳናውቅ ኖረን ዛሬ በምን አገኘችኝ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

የብርቱካን ማሸጊያው እንደተዘጋ ሰምተሻል? ከየት ትሰሚያለሽ! ባለቤቱ አምና ቆልፎት ሄደ። ጥር አልቆ የካቲት ቢጋመስም የዓመት ደመወዜ የሚጻፍበት ቅጽ የውሃ ሽታ ሆነ። ብደውል የሚያነሳ የለም፤ ሄጄ ባንኳኳ የወጣችልኝ ድመት ናት። ያለ ቅጹ ደግሞ ግብሬን ማሳወቅ አልቻልኩም።

ሒሳብ ያስተማሩን ዶን ኤውሴቢዮ ትዝ ይሉሻል? አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሰው በነጻ ግብር ይሞላሉ። አይዞሽ፣ ቀጣሪሽ ቢጠፋ ቅጂው ከግብር መሥሪያ ቤቱ አይጠፋም ብለው አስላኩልኝ። ሲመጣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አዩትና፣ አንቺ ልጅ ክንፍ አለሽ እንዴ፣ ቀን እዚህ ቴክሳስ ብርቱካን፣ ማታ ያኪማ ሄደሽ ፖም ታሽጊያለሽ? አሉኝ። አንድ ቅጽ ፈልጌ ሁለት መጣልኝ። በእኔ ስም፣ ያለ እሱ ሥራ በማይገኝበት በእኔ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ዋሽንግተን ግዛት ፖም ስታሽግ የከረመች ሴት አለች!

ዶን ኤውሴቢዮ፣ ቁጥርሽ ተሰርቋል፣ የእኔ አይደለም ብለሽ ፈርሚ፣ እነሱ ራሳቸው ሄደው ይይዟታል አሉኝ። እኔ ግን እዚያው ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ሌባ አይደለችም፣ እህቴ ናት፣ በሕይወት አለች እኮ! አልኳቸው። ያንን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ትምህርት ቤት ስመዘገብ እኔ ስንተባተብ አንቺ አልነበርሽ በቃልሽ የምትጠሪልኝ? እኔ ከድንበሩ ወንዝ ወዲህ፣ አንቺ ከወንዙ ወዲያ ተወለድን፤ ቁጥሩን ለእኔ ሰጥተው አንቺን ከለከሉሽ።

ያን ቀን ማዕድ ላይ፣ ወረቀት የሌለው ሰው በዚህ አገር ድምፁን ዝቅ ያድርግ ያልኩሽ ምላሴ ይቆረጥ! ምግብሽን ትተሽ ተነሳሽ፤ በዚያው ቀረሽ። ይቅር በይኝ እታለም። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ለብቻዬ ይቅርታ እንደጠየቅኩሽ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ ቅጹ አታስቢ። ሁለቱም የእኔ ናቸው ብዬ ፈርሜ ልኬያለሁ። ዶን ኤውሴቢዮ፣ እውነቱን ጆሮዬ ሰምቷልና እጄ አይሞላም ብለው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፉት፤ እቤት ራሴ ሞላሁት። ከመነሳቴ በፊት ግን ከያኪማው ቅጽ አንዲት ሳጥን ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ይቺን አይተሻታል? አሉኝ። ለሕጻናት ማቆያ ከደመወዝ የተቆረጠ ይላል።

ለእማዬ ስነግራት፣ ወንድ ነው ሴት? አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ይህን ካልጻፉበት ምኑን ቅጽ ነው! ብላ ተቆጣችኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምራ ቢጫ ሹራብ ትሠራለች፤ ቢጫ ለሁለቱም ይሆናል ትላለች።

የፖም ማሸጊያውን አድራሻ ከቅጹ ላይ ወሰድኩ፤ እዚያ የሚያውቁሽ በእኔ ስም ስለሆነ ፖስታው ላይም እሱን ጻፍኩ፤ ላኪም እኔ፣ ተቀባይም እኔ። ይህን የምጨምረው ፖስታ ቤት ቆሜ ነው። ቴምብር የምትሸጠው ልጅ፣ ለራስሽ ነው እንዴ የምትጽፊው? ብላ ሳቀችብኝ። ለታላቄ ነው አልኳት።

የጓዳሉፔዋ እመቤታችን አንቺንም ልጅሽንም በጥላዋ ትሸፍንልኝ። መንገድሽ ይቅና፣ ሰው ፊት ቀና ብለሽ ተናገሪ። የልጅሽን ስም ጻፊልኝ፤ የእናቱን ስምማ አውቀዋለሁ።

ሁልጊዜም የምትናፍቅሽ
ታናሽሽ