ሬሳ ሆኖ ይሠራ ስለነበረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የመዝናኛ ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ያ ለስላሳ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ከሐፍረት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ለመጻፍ ያበቃኝ ባለፈው እሑድ ያስተላለፋችሁት፣ በዓመቱ ውስጥ በሞት የተለዩንን የጥበብ ሰዎች ያስታወሳችሁበት ዝግጅት ነው። ባለቤቴ፣ እርስዎም ቢያስታውሱት ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባላስፈለገ፣ በድራማዎቻችሁ ውስጥ ሬሳ ሆኖ ሲሠራ የኖረ ተዋናይ ነበር። በመኪና ተገጭቷል፣ ተመርዟል፣ በውርስ ጠብ የገዛ ወንድሙ ገድሎታል፤ አንዳንዴም ደግ ደራሲ ሲገጥመው በእርጅና ሞቷል። ሰፈሩ በሙሉ «ሟቹ» እያለ ነበር የሚጠራው። ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ልጆች «ሟቹ መጣ!» ብለው ይሮጣሉ፣ እሱም እጁን ዘርግቶ ያባርራቸዋል። እኔም ባሌ በሕይወት ሳለ የሟቹ ሚስት ስባል ስለኖርኩ፣ ሥራ ቦታው ላይ ሞተ ተብሎ ሲነገረኝ አዲስ ስም እንኳ አላስፈለገኝም።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ ፎቶው ነው። ከዝግጅቱ በፊት አንዲት ጨዋ ሠራተኛችሁ ደውላ፣ ባለቤቴ ስለሚታወስ ጥሩ የምለውን ፎቶ እንዳመጣ ጠየቀችኝ። ከግድግዳ አውርጄ፣ መስታወቱን ወልውዬ፣ ራሴ ይዤ መጣሁ። ፎቶው ላይ ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ይስቃል። ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጋደም የኖረ ሰው ፎቶ ሲነሳ መሳቅ ቢያምረው አይፈረድበትም። ያገኘሁትን ክብር በሆዴ መያዝ አቅቶኝ ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ፤ መጋረጃ አጠብኩ፣ ወንበር ተዋስኩ፣ ጆሮዋ እንጂ ዓይኗ ያልደከመባትን አማቴን ከፊት አስቀመጥኳት። ዘፋኟ ታወሰች፣ ኮሜዲያኑ ታወሰ፣ ዳንሰኛው ታወሰ፤ የእኔው ፎቶ ግን አልመጣም። በማግሥቱ ደውዬ ብጠይቅ «ሳቁ ከዝግጅቱ መንፈስ ጋር ስላልሄደ ነው» ተባልኩ። ለባለቤቴ ሳቅ ይህን ያህል ስለተጨነቃችሁ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ጨርሶ ተረሳ ብል ውሸታም እሆናለሁ። በዚሁ ዓመት ያረፈው አንጋፋው ተዋናይ ሲታወስ፣ በወንድሙ ሬሳ ላይ ተደፍቶ የሚያለቅስበትን ትዕይንት አሳያችሁ። ሬሳው ባለቤቴ ነበር። ስሙ አልተጠራም። አቅራቢያችሁ «ይህን እንባ ተመልከቱ፤ እንዲህ ያለ እውነት በስክሪን ታይቶ አያውቅም» ሲል፣ ጎረቤቶቼ «ሟቹ! ሟቹ!» እያሉ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ስላለኝ አራተኛውን ላስቀድም። በሟቾቹ መካከል የሳሙና ማስታወቂያ አስገብታችኋል። ሳሙናው ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ፊታችንን ታጥበን ወደሚቀጥለው ሟች እንድንሻገር አስባችሁልን ይሆናል።

እንግዲህ ሦስተኛ። ባለቤቴ ለሥራው የማይሆን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ሲኮረኩሩት አይችልም። አንጋፋው ተዋናይ ደግሞ ጢማም ነበር። አንገቱ ሥር ገብቶ ባለቀሰ ቁጥር የባለቤቴ ከንፈር በግራ በኩል ትንሽ ብድግ ትላለች። ዳይሬክተሩ በዚህች ነገር ሲቆጣው ኖሯል፤ ተመልካቹ ግን ልብ ብሎት አያውቅም። እኛ ቤት ድራማ የሚታየው ለዚህች ከንፈር ነበር። ጢሙ ሲቀርብ ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ አማቴ «ይኸው ሳቀ!» ትላለች፣ እሱ «ኧረ አልሳቅኩም እማዬ!» ብሎ ይከራከራል።

ከእሱ ሞት ወዲህ ድራማ ለማየት አቅም አልነበረንምና ይህን ትዕይንት ያየነው ገና እሑድ ዕለት ነው። እንደ ልማዳችን ጠበቅን። ጢሙ አንገቱ ሥር ገባ፤ ከንፈሩ አልተነሳችም። ካሜራው ቀረበ፣ በሌላ በኩል ዞረ፤ አልተነሳችም። አማቴ ወደ እኔ ዞራ «እዚህ ላይስ ልጄ ሥራውን ቻለበት፤ አልሳቀም» አለችኝ፣ በኩራት። ያኔ ነው ሸሚዙን ያየሁት። እኔው ራሴ ሰፍቼለት፣ በሞተበት ቀን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሶት የወጣው፣ ማታ በፌስታል ተጣጥፎ የተመለሰልኝ ሸሚዝ ነው። እጆቼ ከጭብጨባው ገና አልወረዱም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ቢሮ የነገረኝ ባለቤቴ ሥራውን ጨርሶ፣ በማረፊያ ክፍል ጋደም እንዳለ ማረፉን ነው። ሜካፕ ከሚሠሩት ልጆች አንዷን ቤቷ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ሆድ ይፍጀው» አለችኝ፤ ኋላ እያለቀሰች ነገረችኝ። ትዕይንቱ ከየአቅጣጫው ደጋግሞ ይቀረጽ ነበር። በመሀል ፊቱን ዱቄት ልትቀባ ስትነካው ቀዝቅዟል፤ ብትናገር «ክፍሉ ነው የቀዘቀዘው፣ ጥሩ ይዞታል፣ እንዳታስነሺው» ተባለች። ቀረጻው ቀጠለ። ምሳ ተብሎ ሳይነሳ ሲቀር እንኳ ቀልዱን ነው ብለው ሳቁ። ወደ ማረፊያ ክፍሉ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተሸክመውት።

አንጋፋው ተዋናይ ከቀብሩ በኋላ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ቁጭ ብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይወጣው ሄደ። እኔ ደግሞ ዝነኛ ሰው ድሃ ቤት ሲገባ ቃልም ይቆጥባል ብዬ አማሁት። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አሁን ነው የገባኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ጆሮው የባለቤቴ ደረት ላይ ነበር፣ ልቡ ዝም ማለቱን ሳይሰማ አልቀረም፣ ቀጥል ተባለ፣ ቀጠለ። ከእናንተ መካከል ያፈረ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞተባችሁ።

ስለዚህ የቀረውን ሐፍረት እኔ ወስጄላችኋለሁ። የተዋስኳቸውን ወንበሮች ስመልስ ጎረቤቶቼ «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» ይሉኛል፤ አንገቴን ደፍቼ አመሰግናለሁ። ሰው ጠርቼ፣ መጋረጃ አጥቤ፣ የባሌን ሞት እያጨበጨብኩ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ዝግጅቱ በተመልካች ጥያቄ በመጪው እሑድ እንደሚደገም ሰምቻለሁ። አማቴ ልጇ ያልሳቀበትን ሥራ ደግማ ለማየት ከአሁኑ ቀን ትቆጥራለች፤ እኔም እውነቱን የምነግርበት አፍ አጣሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ያንን ትዕይንት ያውጡት። ቦታው ባዶ እንዳይሆንብዎ የሚስቀውን ፎቶ ያስገቡበት። ከዝግጅቱ መንፈስ ጋር ባይሄድም እናቱ አንዴ «ይኸው ሳቀ» ትበልበት።

የጥበብ ሰዎችን ለማክበር የምታደርጉትን ድካም ከፊት ወንበር ሆና በዓይኗ የተመለከተች፣ ለጣቢያው ረጅም ዕድሜና ትንሽ ሐፍረት የምትመኝ፣

ታዛዥዎ፣
የሟቹ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅቱ እንደነገረችኝ፣ ያ ሲቆጣው የኖረ ዳይሬክተር ቀረጻው ሲያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የባለቤቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ! ዛሬ ገና ሬሳ መሰልክ» ብሎታል። ባለቤቴ ሲያመሰግኑት ዝም የሚል ባለጌ ሰው አልነበረምና፣ መልስ ሳይሰጥ በመቅረቱ ይቅርታ እንዲደረግለት በትሕትና እጠይቃለሁ።