የኋላ ግራ ስፒከር

እሑድ፣ ኖቬምበር 2

የሳምንቱን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ጨርሼ ስመለስ ሊፍቱ እንደገና ተበላሽቷል። አንድ ሰውዬ ሁለት ትልልቅ ካርቶን አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ፣ ላብ በላብ ሆኖ በራችን ላይ ቆሟል።

«ጋዲ?»

«ወንድሙ ነኝ።»

«ራሱ ጋዲ ነው መፈረም ያለበት።»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

ምን ይባላል? ከሞተር ወድቆ ከሞተ ስድስት ሳምንቱ... «አይመጣም» አልኩት። ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው አንተ ፈርም። ግን የሱን ስም ጻፍ።» ጻፍኩ። የሰው ፊርማ ማስመሰል ያስተማረኝም ጋዲ ነው።

አምስት ስፒከር። ለወፍራሙ ድምፅ አንድ ድብልብል ሳጥን። አንድ አምፕሊፋየር። ሪሞት የለውም። ይኼንን ለመምረጥ ሦስት ወር ሙሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር። «ሳሎኑን ሲኒማ ቤት አደርገዋለሁ» እያለ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

አባዬ ከወደብ የሌሊት ጥበቃ ጠዋት ገቡ። ካርቶኖቹን አዩ። ጫማቸውን ሳያወልቁ «ይመለስ» አሉ። «ዓመት ሳይሞላ እዚህ ቤት ዘፈን አይሰማም።»

«ለመመለስ እስከ ወሩ አሥራ ስድስት ጊዜ አለን፣ አባዬ። ዘፈን አልከፍትም። ፊልምም አልከፍትም። ድምፁን ብቻ ላመጣጥን።»

«ያለ ዘፈን ምኑን ታመጣጥናለህ?»

«ሽሽሽ የሚል ነገር አለው። ለመፈተሻ።»

እማዬ ከኩሽና፣ «ሽሽሽ ደግሞ ዘፈን ነው እንዴ? ውሃ ነው!»

አባዬ ቆመው አሰቡ። እንደ ዳኛ። «ሽሽሽ ይሁን» አሉ። «በአሥራ ስድስት ግን ይሄዳል።»

ከዚያ ሊተኙ ሄዱ። ማለት ጋደም አሉ። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የላቸውም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

የጋዲን ወረቀት አገኘሁ። ሶፋውን ስሏል። መሐሉ ላይ የኤክስ ምልክት፣ ከጎኑ «እኔ»። ከስፒከሮቹ ሁሉ ወደ «እኔ» መስመር ተሰምሯል። ድምፁ ከየአቅጣጫው እኩል የሚደርሰው እዚያች ቦታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።

አሁን እዚያ የሚቀመጥ የለም። እማዬ በግራ ጫፍ፣ አባዬ በቀኝ ጫፍ፣ እኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ። ላልተቀመጠ ሰው ነው ድምፅ የማመጣጥነው?

ከሶፋው ኋላ በቀኝ ግድግዳ የእርሳስ ምልክቱ አለ። በግራ የለም። ለግራው ሜትሩን የሚይዝለት ሰው ያስፈልግ ነበር። «ና ያዝልኝ» ሲለኝ «ነገ፣ ፈተና አለብኝ» አልኩት።

ፈተናው ላይ ሃምሳ ስምንት አመጣሁ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 5

ሰቀልኳቸው። የኋላ ቀኙን በምልክቱ ላይ። የኋላ ግራውን በግምት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

አምፕሊፋየሩ ራሱን የሚያስተካክልበት ትንሽ ማይክ አለው። ማይኩ በሚቀመጠው ሰው ጆሮ ልክ መቆም አለበት። ሲለካም ሦስት ደቂቃ ጸጥታ ይፈልጋል። የመወልወያውን እንጨት መሐለኛው ቦታ ላይ በትራስ አቆምኩና ማይኩን ጫፉ ላይ አሰርኩ።

እማዬ አየችው። ደስ አላላትም። «እሱ ቦታ ላይ እንዲህ ራቁቱን አይቁም» አለችና የጋዲን ጃኬት አለበሰችው። ኮፍያውንም። ምን ልበላት? ማይኩን ብቻ አትሸፍኚ አልኳት።

ጀመርኩ። ሽሽሽ... ፊት ግራ። ሽሽሽ... ፊት ቀኝ። እማዬ አፏን በእጇ ይዛለች። የኋላ ግራው ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ዘመዳችን እትዬ ማልካ፣ ቂርያት ጋት ከሚባለው ከተማ። ያኔ ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ሆስፒታል ስለነበሩ ለለቅሶው አልደረሱም። ዛሬ ሊያለቅሱ መጡ።

«ወየው ልጄን! ወየው ጋ...» ሶፋውን አዩ። «ምነው! እንዲህ ተቀምጦ ነው ሞተ የምትሉኝ?!»

«ኧረ እትዬ፣ እንጨት ነው!» አለች እማዬ።

«የምን እንጨት!»

ቀርበው ጃኬቱን ዳሰሱ። እንጨት ነው። ያን ጊዜ ጮሁ። እማዬም አብራ ጮኸች። እንጨቱን በግራና በቀኝ ይዘው አለቀሱ። ማይኩ ሁሉንም ቀዳ።

ስክሪኑ «ልኬቱ ተሳክቷል» አለ። የኋላ ግራ ስፒከር ከሶፋው ያለው ርቀት፦ አሥራ አራት ሜትር። ይኼ እንግዲህ ከሕንጻው ወጥቶ፣ የቆሻሻ ገንዳው ጋ ነው።

እትዬ ማልካ ሲወጡ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው» አሉኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ዛሬ ትምህርት የለም። በማሽን አልሆነም። በጆሮ ይሁን። ግን ሪሞት ስለሌለ እኔ አምፕሊፋየሩ ጋ መቆም አለብኝ። መሐል ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል።

እማዬ፣ «እኔ እዚያ? እግሬን ስበረው!»

አባዬ ከሥራ ገቡ። ዓይናቸው ደም መስሏል። «አባዬ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ... እዚህ ይቀመጡልኝ።»

ቦታውን አዩት። እኔን አዩኝ። ጃኬቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አደረጉና ተቀመጡ። ሶፋው ጢጥ አለ።

«የትኛው ይበልጣል?»

«የፊት ቀኙ ይጮኻል። እንደ አለቃዬ።»

ቀነስኩ። «አሁንስ?»

«ደህና። የኋላው ግራ ግን ያንሳል። ተደብቋል።»

ጨመርኩ። «አሁንስ?»

ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ።

«አባዬ?»

ዞርኩ። ተኝተዋል። አንገታቸው ወደ ግራ ወድቆ፣ አፋቸው ተከፍቶ። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ ቀጥ አለች። ሽሽሽውን አጠፋሁ። ወዲያው ነቁ። «ማን አጠፋው?» መልሼ ከፈትኩት። ተኙ።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሽሽሽ ሲል ዋለ። እማዬ የሰንበቱን ወጥ ምድጃ ላይ ስትጥድ ድስቱን እንኳ በጣቷ ጫፍ ነው የከደነችው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10

አሁን ሁልጊዜ ጠዋት እንዲሁ ነው። ከወደብ ይመጣሉ፣ ጫማ ያወልቃሉ፣ መሐል ይቀመጣሉ፣ «ክፈተው» ይላሉ።

ዛሬ አሞኝ ቤት ቀርቼ ነበር። በሩ ተደበደበ። ከታች የሚኖረው ራሕሚም፣ በቁምጣ፣ የቧንቧ መፍቻ ይዞ። «ጋዝ እየወጣ ነው! ሦስት ቀን ሙሉ እሰማዋለሁ! ውጡ!»

እማዬ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ሽ! ተኝቷል።»

«በጋዝ?!»

ወደ ሳሎን አስገባሁት። አባዬን አየ። ስፒከሮቹን አንድ በአንድ አየ። ቀብሩ ላይ ነበር፣ ያውቃል። ፕላስቲክ ወንበሬ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ደቂቃ ልስማው» አለ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እሱም አንኮራፋ። መፍቻውን ከእጁ ወሰድኩ፣ እግሩ ላይ እንዳይወድቅ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 16

ቀኑ ዛሬ ነው። ካርቶኖቹን ከማማድ፣ ከቦምብ መጠለያ ክፍላችን፣ አውጥቼ በሩ ጋ ደረደርኳቸው። አባዬ ከሰዓት በኋላ ነቁ። ካርቶኖቹን አዩ።

«ምንድን ነው?»

«የሚመለስበት ቀን ነው። እርስዎ ነዎት ያሉት።»

ወደ ስፒከሮቹ ዞሩ። 

«የኋላው ግራ አሁንም ልክ አይደለም» አሉ። «እንዲህ ሆኖ እንዴት ይመለሳል?»

«በግምት ስለሰቀልኩት ነው።»

«ለምን በግምት?»

«ሜትሩን የሚይዝልኝ ሰው አልነበረም።»

ተነሡ። ከመሳቢያው ሜትሩን አወጡ። ጫፉን ያዙልኝ።

ጋዲ ረጅም ነው። አባዬ ሲቀመጡ ጆሯቸው ከሱ በአንድ ስንዝር ያንሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ዝቅ አደረግናቸው፣ ቀኙንም ግራውንም። እኔ ስሰረስር አባዬ ከታች አቧራውን በሳህን ተቀበሉ።

የጋዲ የእርሳስ ምልክት ከቀኙ ስፒከር በላይ ባዶውን ቀረ። እማዬ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች። አባዬ ምልክቱን ሳታብሰው ጨርቁን ተቀበሏት።

ከዚያ ወደ ግራው ሄጄ ሜትሩን ዘረጋሁ።

«ጨርሰን የለም እንዴ?» አሉ አባዬ።

«አንድ ቀርቷል። ይያዙልኝ።»

በጋዲ ምልክት ቁመት፣ በግራው ግድግዳ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ምንም አይሰቀልበትም።

አባዬ ራቅ ብለው አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን አዩ። «እኩል ነው» አሉ።