ግንቡን ሽማግሌ ልኬ ጠየቅሁልህ

ፓትሪኬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለቅሶ ይዤ ሳይሆን ምሥራች ይዤ ነው። አየርላንድ ያለው የቅድመ አያቶችህ ግንብ ከነመሬቱ እጃችን ገብቷል። እልል በል፤ እኔስ ብያለሁ።

እዚህ አቮንዴል እስቴትስ ያለው ቤታችን ደህና ነው። ጓሮ ያለውን ትልቁን ዛፍ አስቆረጥኩት፤ እሺ እንደማትለኝ ስለማውቅ ብዙም አላማከርኩህም። የጽሕፈት ጠረጴዛህን ግን አልነካሁም። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ግንቡ የተጻጻፍከው ሁሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። የግንቡ ባለቤት ወይዘሮ ብሪጅት ሥሩ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንተ በጠበቃ በኩል የልደት መዝገብ፣ የድሮ ካርታ፣ የዘር ሐረግ ትልካለህ፤ የእሳቸው ጠበቃ በአንድ መስመር አይሸጥም ይልሃል። ያኔም ነግሬህ ነበር፤ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ለክስ ነው፣ ለልመና የሚመጣ ሽማግሌ ይልካል። ሳቅክብኝ። ሽማግሌዎቹ ውቅያኖሱን በምን ይሻገራሉ አልከኝ።

ባረፍክ በዓመቱ ከወይዘሮ ብሪጅት ጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ግንቡ አሁን ሊሸጥ ነው፣ ሆቴል ሊያደርገው የሚፈልግ ኩባንያ ተገኝቷልና የመጨረሻ ቃልህን በአንድ ወር ውስጥ አሳውቅ ይላል። በስምህ የመጣውን ፖስታ ብቻዬን ስከፍት መጀመሪያ እንባዬ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። ያን ያህል ለፍተህበት የማንም ቱሪስት መተኛ ሊሆን? እንዴት ተደርጎ!

ክላርክስተን ሄጄ የእድራችንን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰንና ሁለት ጓደኞቻቸውን ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ለመንኩ። ልጅህ ልያ፣ እማዬ ይሄ እኮ ሪል እስቴት ነው፣ ጥሩ ሎየር ሃየር አድርጊ ብላ ተቆጣችኝ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከጋብቻ ሽምግልና ሌላ አያውቁምና ደብዳቤውን እንደለመዱት ጻፉት። ደጅዎ ቆመናል፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም ብለው ጀመሩ። ግንቧን እንደ ሙሽሪት ነው የጠየቋት። ስለ ካርታው አንድ ቃል የለም። ሟቹ ሰካራም እንዳልነበረ፣ የጎረቤቱን አስከሬን ተሸክሞ ይቀብር እንደነበር፣ ሚስትና ልጅ ትቶ እንዳለፈ ዘረዘሩ። ማሳረጊያው ላይ፣ ልጅዎን ስንወስድ እናቷን ከቤት አናስወጣም፣ ዕድሜ ልክዎን እዚያው እናታችን ሆነው ይኖራሉ አሉ። ልያ እየሳቀች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። እዚህ ስትደርስ ግን ሳቋን ተወችው።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ብሪጅት ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ጻፉ። ይህን ሁሉ ዓመት፣ እኔስ ወዴት እሄዳለሁ ብሎ ያሰበልኝ ሰው አልነበረም ይላሉ። ኩባንያውም ቤቱን ቶሎ ልቀቂ ብሏቸው ኖሯል። አንተም አላሰብክ፣ እኔም አላሰብኩ፣ ፓትሪኬ፤ ስለ ድንጋዩ ብቻ ነበር የምናወራው። ከደብዳቤው ግርጌ፣ ሽማግሌዎቹ አሁን ይቀመጡ የሚል ነበር። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይሄ ነው። ጋሽ ታደሰ ይህን ሳነብላቸው የእውነት ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

ባለፈው ሳምንት የገዢው ስም ውሉ ላይ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ያንተን አስጽፉልኝ ብል፣ ጠበቆቹ የሞተ ሰው መሬት አይገዛም አሉኝ። እንግዲያው ልያ ትሁን አልኩ። ስትወለድ፣ በእኛ ልማድ የአባቷ ስም ይከተላት ብዬ ድርቅ ያልኩ ጊዜ፣ የአያቶችህ ስም ባንተ ላይ እንደሚቆም እያወቅክ የልደት ወረቀቷ ላይ ፈረምክ። ቅር እንዳለህ ግን ከፊትህ አይቻለሁ፤ ሲቆጨኝ ኖሯል። አሁን ግን አይቆጨኝም። መዝገቡ ላይ ያ የአያቶችህ ስም የለም። የመሬቱና የግንቡ ባለቤት፣ ልያ ፓትሪክ ይላል።

ርስታቸው በእነሱ ሳይሆን ባንተ ስም ይጠራል። እኔማ ልርሳህ ብል እንኳ፣ ልጅህን በሙሉ ስሟ የሚጠራ ሁሉ ያስታውሰኛል።

ያንተው ሰናይት